ሞርቶና የመጥበሻዬ ዘይት

ባሌን ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፤ ሞርቶ ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት የአውቶቡስ ድርጅቱ ባልደረቦቹ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ፣ ቁልቁለት ባየ ቁጥር ማርሹን ሞርቶ ላይ አድርጎ፣ ሞተሩን ጭጭ አሰኝቶ በባዶ መንሸራተት አመሉ ነበር። «ቁልቁለቱ በነፃ ከወሰደኝ ነዳጁ ምን ቤት ነኝ ብሎ ይቃጠላል?» ይላል። ፍሬን ይከዳሃል እያሉ አለቆቹ ስንቴ ተቆጡት፣ ስንቴ አስጠነቀቁት። ወይ ፍንክች! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዲያውም ይቀለኝ ነበር፤ ተጣልቼው እገላገል ነበር። ደግ ነው፣ እጁ ሥራ ይወዳል። ብቻ ነገር ሲባክን ማየት አይችልም። የተጣመመ ምስማር እያቃና በቆርቆሮ ያጠራቅማል፤ ሳሙና ሲያልቅ ስባሪውን ከአዲሱ ላይ ይለጥፋል። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ከድርጅቱ ግቢ ጥግ ተጥላ የነበረች አሮጌ የናፍጣ መኪና ለምኖ አመጣ። ቀለሟ ምን እንደነበረ እግዜር ይወቀው፤ የኋላ በሯ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። «ምን ልታደርጋት ነው?» ብለው «እንዴ! ሞተሯ እኮ ነፍስ አለው» አለኝ። እኔ መቼስ አፌ አያርፍም፤ «አንተም ነፍስ አለህ፣ ግን ማን ገዛህ?» አልኩት። ሳቀ። ሁልጊዜ ይስቃል፤ እሱ ነው የሚያበግነኝ።

ቤታችን ዳገት ወገብ ላይ ነው። ከላይ ከዋናው መንገድ ታጥፎ የገባ መኪና ረጅም ቁልቁለት ወርዶ ነው ደጃችን የሚደርሰው፤ ከደጃችን በታችም ቁልቁለቱ እስከ ድልድዩ ይቀጥላል። ሞርቶ ሆዬ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋና በዝምታ እየተንሸራተተ በራችን ላይ ይቆማል። ይቺን ዝምታ ከሰው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት እትዬ ናቸው።

እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር፤ እትዬ ራሳቸው ልጅ ሆነው አዝለው አሳደጉት። የራሳቸውን ትዳር ሳይዙ፣ የሰው ልብስ እየሰፉ አስተማሩት። ሲያረጁ ወደ እኛ መጡ፤ ከዚያ ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ ጋረደው። መጀመሪያ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው፣ ቀጥሎ የሰው ፊት ጠፋባቸው፤ አራት ዓመት ሆነው፣ ከዚያ ወዲህ ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው የሚለዩት። ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው። በመኪናዋ ይዘናቸው ስንመለስ፣ ሞተሩ ጫፉ ላይ ጭጭ ሲል «ደረስን» ይላሉ። ቤታቸውን የሚያውቁት በዚያ ዝምታ ነው።

በዚህ መሃል ከጤና ጣቢያው ወሬ መጣ። ከተራራው ማዶ ባለው ከተማ ሆስፒታል፣ የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት መጥተው ሞራ ሊገፍፉ ነው። እትዬ ተመዘገቡ፤ የመጨረሻው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ደረሳቸው። ነርሷ እኔን ለብቻዬ ጠርታ «ይሄ ሞራ በጣም በስሏል፤ ከዚህ በላይ ከቆየ ዓይኑን ጨርሶ ያበላሸዋል። ሐኪሞቹ ደግሞ መቼ እንደሚመለሱ አናውቅም። ሐሙስ እንዳታመልጣችሁ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ምን ማየት ነው የናፈቀዎት?» አልኳቸው ቤት እንደገባን።

«የወንድሜን ፊት» አሉ። «በእጄ ስዳብሰው ተሸብሽቧል። እውነት መሆኑን በዓይኔ ማረጋገጥ አለብኝ።»

ዕድል ሲያላግጥ ደግሞ እንዲህ ነው፤ በዚያው ሰሞን ናፍጣ ከከተማው ድራሹ ጠፋ። አውቶቡሶች ቆሙ። ሞርቶ ጄሪካኑን ይዞ ማደያ ይሰለፋል፤ ፊቱን ፀሐይ ጠብሶት፣ ባዶ ጄሪካን እያንኳኳ ይመለሳል። አንድ ቀን ብቻ የጄሪካኑን ሩብ አገኘ። ያቺ ደግሞ እንኳን ተራራ ልታሻግር የተራራው ሥርም አታደርስ።

እኔ ከደጃችን ማዶ ባለው ትምህርት ቤት በር ላይ ድንችና ዓሣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። አንድ ቀን ሞርቶ ከሰልፍ ተመልሶ ሱቄ በራፍ ላይ ኩርምት ብሎ ሳለ፣ ጠቁሮ ያለቀለትን ዘይት ጉድጓድ ውስጥ ልደፋ ስል ዘሎ እጄን ያዘኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልደፋው ነዋ! ምነው፣ ልትጠጣው አማረህ?»

«የምጠጣው እኔ አይደለሁም» አለና ዓይኑ መኪናዋ ላይ ተተከለ።

ጎረቤታችን መካኒክ ብሎን ይባላል፤ አጭርና ድፍን ያለ፣ አንዴ ከጠበቀ የማይፈታ ሰው ነው። ሞርቶ ሐሳቡን ሲነግረው ይስቅበታል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ብሶ ተገኘ። «ጋሼ፣ የናፍጣ ሞተር ምግብ አያማርጥም» አለ። «አየሩን ጨምቆ በራሱ ሙቀት ነው የሚያቃጥለው፤ ዘይትም ብትሰጠው ይበላል። ችግሩ ዘይት ወፍራም ነው፤ ካልሞቀ በዚያች ቀጭን ቱቦ አያልፍም። እናሞቀዋለን።»

ከዚያ በኋላ ቤቴ ጋራዥ ሆነ። ከመኪናዋ ኋላ ትንሽ በርሜል አሰሩ፤ ከሞተሩ የሚመጣው የፈላ ውኃ በመዳብ ቱቦ በበርሜሉ ውስጥ ተጠማዞ እንዲያልፍ አደረጉ፤ ዘይቱ በዚያ ይሞቃል። ከሾፌሩ እግር አጠገብ መቀየሪያ ቧንቧ ተከሉ፤ ወደ ግራ ስትዞር ናፍጣ፣ ወደ ቀኝ ስትዞር ዘይት። ዘይቱ ደግሞ መጣራት አለበት፤ የድንች ፍርፋሪ ይዞ ከገባ ሞተሩ ይታነቃል። በምን ይጣራ? በእኔ አንሶላ! ያውም በደህናው፣ አበባ ባለው። «አሮጌው አለ አይደለም ወይ?» ብለው «አሮጌውማ ቀዳዳ አለው» አለኝ። «እኛ ስንተኛበት ታዲያ ቀዳዳው አልታየህም?» አልኩት። ሳቀ።

እትዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው «ቆይ፣ መኪናዋ ድንቹንም ትበላለች?» እያሉ ያሾፋሉ። ልባቸው ግን ከሁላችንም በላይ እዚያው ነበር፤ መፍቻ በወደቀ ቁጥር «ምነው፣ ተሰበረ?» ይላሉ።

የሙከራው ቀን በናፍጣ አስነሷት። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቁና ብሎን ቧንቧዋን ወደ ቀኝ አዞራት። መኪናዋ አንዴ ሳል አደረጋትና ቀጠለች። ከጭስ ማውጫዋ የወጣው ሽታ፣ ምን ልበላችሁ፣ ቁርጥ የእኔ ሱቅ! ሰፈሩን ስትዞር ውሾች ተከተሏት። ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ «አንቺ፣ ሱቁን በጎማ አደረግሽው እንዴ?» አለችኝ። ሁልጊዜ ይስቃል ብያችኋለሁ፤ የዚያን ቀን ሳቁ ግን ሌላ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መሪ ይዞ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ብሎን ብቻ አልሳቀም። ጣቱን አቆመ። «ጋሼ፣ ሕጉ አንድ ነው። በናፍጣ ትነሳለህ፣ በዘይት ትሄዳለህ፣ በናፍጣ ትተኛለህ። ሞተሩን ከማጥፋትህ በፊት ቧንቧዋን ወደ ናፍጣ መልሰህ ጥቂት ታስኬዳለህ፤ ቱቦውን ያጥብልሃል። የባለቤትህ የመጥበሻ ዘይት የሚረጋው ዓይነት ነው። ከዘነጋህ በብርድ ቱቦውና ነዳጅ ገፊው ፖምፓ ውስጥ እንደ ቅቤ ይጋገራል። ያኔ ብሎንን አትጥራ፤ ቀባሪ ጥራ።»

«ልጅ አደረግኸኝ እንዴ?» አለ ሞርቶ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እትዬን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ሐኪሞቹ የደም ግፊታቸው እንዲለካ አዘው ነበር። ደህና ነው ተባለ። ስንመለስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው፤ ሁላችንም ደስ ብሎናል። እትዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ነገ በሚለብሱት ቀሚስ እንጨቃጨቃለን። ጫፉ ላይ ስንደርስ የሞርቶ እጅ ዕድሜ ልኳን የለመደችውን አደረገች፤ ማርሹን ወደ ሞርቶ፣ ቁልፉን ዞር። ጭጭ።

«ደረስን» አሉ እትዬ።

«ደረስን» አልን እኛም። ስለ ቧንቧዋ ያሰበ የለም። አመል ያወጣል ከመሃል ማለት ይሄ ነው። የዚያን ሌሊት ደግሞ ብርዱ ለጉድ ነበር።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ እትዬ ለባብሰው ጋቢና ገብተው ተቀምጠዋል። ሞርቶ ቁልፉን አዞረ። ግርርር። ደገመ። ግርርር። በደጋገመ ቁጥር ባትሪው እየደከመ፣ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቧንቧዋን አየ። ወደ ቀኝ ናት። ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«አላጠብኩትም» አለ።

«ምኑን?»

«ማታ ጫፉ ላይ አጠፋሁት። ዘይቱ ውስጡ ረግቷል።»

ተናደድኩ ብል አይገልጸውም፤ ጨስኩ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!» አልኩ ሰፈሩ እስኪሰማ። «ሠላሳ ዓመት የቆጠብከው ነዳጅ የታለ? አምጣዋ አሁን!» እሱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆመ።

እትዬ ጋቢና ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «ልጄ» አሉት፤ ወንድሜ አላሉትም። «ተወው በቃ። ጨለማውን ለምጄዋለሁ። አንተ ብቻ አትዘን።»

ይሄን ሲሉ ንዴቴ ከባሌ ላይ ተነስቶ ወደ ዘይቱ ዞረ። ይቺ ሴትዮ ይሄን ሰውዬ አዝላ ያሳደገች፣ ዓይኗን በሰው ልብስ ላይ የጨረሰች፣ አሁን በእኔ መጥበሻ ዘይት ሰበብ ጨለማ ውስጥ ልትቀር? «ተወው ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩ። «እኔ በብርድ ጠዋት ሁሉ የረጋ ዘይት መጥበሻዬ ላይ አገኝ የለም ወይ? ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ? አሞቀዋለሁ እንጂ!»

ሞርቶ ቀና አለ። «እሳት አይሆንም፤ ናፍጣ አለ። ግን...»

«የፈላ ውኃ!» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ።

ምድጃዎቼን ሁሉ ለኮስኩ፤ ትልቁን ድስት ጣድኩ። ከዚያ በየበሩ ሄጄ ደበደብኩ። አፌ ክፉ ነው ብላችሁ ይሆናል፤ ሰፈሩ ግን ያውቀኛል። «እትዬ ዓይናቸው ሊያመልጣቸው ነው፣ የፈላ ውኃ ያላችሁ!» ስል፣ ማንቆርቆሪያ ያለው ማንቆርቆሪያውን፣ ፔርሙስ ያለው ፔርሙሱን ይዞ ወጣ። ብሎን በፒጃማው ላይ ኮት ደርቦ መጣ። ቧንቧዋን አያት፣ ሞርቶን አየው፣ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እትዬን ሲያይ ዘጋውና መፍቻውን አወጣ።

ቱቦውና ፖምፓው ላይ ፎጣ ጠቅልለን የፈላውን ውኃ ቀስ እያልን አፈሰስንበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ማንም አልተጣደፈም። ፎጣው ሲቀዘቅዝ ሌላ ፎጣ፣ ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ሌላ ማንቆርቆሪያ። ብሎን ቧንቧዋን ወደ ናፍጣ መልሶ፣ የቱቦውን ማሰሪያ አላልቶ በእጅ በምትሠራው ትንሽ ፖምፓ ናፍጣውን ይገፋል። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ የረጋው ዘይት እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ ወጣ። ከዚያ ቢጫ ዘይት፣ ከዚያ የጠራ ናፍጣ።

«መጣ!» አለ ብሎን። ሰፈሩም «መጣ!» አለ።

«ማነው የመጣው?» አሉ እትዬ ከውስጥ።

ሞርቶ ሮጦ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ። በቃ፣ ጠቅ ብቻ። ባትሪው ሞቷል።

ፀሐይዋ ወጥታለች። ሞርቶ በመስታወቱ ፊት ለፊቱን አየ፤ ከበራችን እስከ ድልድዩ የሚወርደውን ቁልቁለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም።

«ግፉኝ» አለ።

ገፋን። እናንተዬ፣ እንዴት አድርገን ገፋን! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። መኪናዋ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች፣ ፈጠን አለች፣ ከዚያ ከእጃችን አመለጠች። ማርሹ ሞርቶ ላይ፣ ሞተሩ ጭጭ ብሎ፣ ባሌ ዕድሜውን ሙሉ እንደኖረው ቁልቁል ተንሸራተተ። ድልድዩ እየቀረበ ነው። «አሁን! ጋሼ፣ አሁን!» ይላል ብሎን፣ በፒጃማው ከጎኔ እየሮጠ። ሞርቶ ግን አልቸኮለም፤ ቁልቁለት የት ድረስ እንደሚወስድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ሁለተኛ ማርሽ አስገባና የፍሪሲዮኑን ፔዳል ለቀቀ። መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ልትቆም ቃጣት፣ ከዚያ አጓራች። ከኋላዬ የሰፈሩ ጩኸት ሌላ ነው።

ሞርቶ ማቆም ስለፈራ፣ መኪናዋ በዝግታ እየሄደች ሳለ ነው ደርሼ የኋላ በሯን የከፈትኩት። ያ በር ከውጭ ብቻ መከፈቱ ለካ ለዚያ ቀን ነበር! ከነሽርጤ ዘልዬ ገባሁ።

«ደረስን?» አሉ እትዬ። ሞተሩ ጭጭ ብሎ መኪናዋ ስትወርድ ስለቆየች ግራ ገብቷቸዋል።

«ገና መነሳታችን ነው፣ እትዬ» አለ ወንድማቸው።

ሞተሩ ሲሞቅ ቧንቧዋን ወደ ቀኝ አዞረና ተራራውን ተያያዝነው። መንገዱ ዳር ናፍጣ ያለቀባቸው የጭነት መኪኖች ተደርድረዋል። አንዱ ሾፌር በኩርባው ላይ ቀስ ስንል «ነዳጅ ከየት አገኛችሁ?» ብሎ ጮኸ። «ከድንች!» አልኩት። የሰደብኩት ሳይመስለው አልቀረም። እትዬ አፍንጫቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው «አምላክ ሳይደግስ አይጣላም» አሉ፤ «ግን በዚህ ሽታ ሳይርበን ብንደርስ ጥሩ ነው።»

ሆስፒታሉ ግቢ ስንገባ ስማቸውን እየጠሩ ነበር። እኔ እጃቸውን ይዤ ሮጥኩ። ሞርቶ ከመኪናው አልወረደም፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ቧንቧዋን ወደ ናፍጣ መልሶ ቁጭ አለ። ስመለስ መኪናዋ ውስጥ ከቀረችው ከዚያች ከአበባዋ አንሶላዬ ቅዳጅ ቀዶ ቁልፉ ላይ እየቋጠረ አገኘሁት። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አልኩት። «እጄ ቁልፉን ሲነካ እንዲያስታውሰው ነው። ራሴን አላምነውም» አለኝ። ቋጠሮውን ተቀብዬ አጠበቅኩለት።

በማግስቱ የሆስፒታሉ ነርስ ከእትዬ ቀኝ ዓይን ላይ ሻሹን ፈታች። ግራው ሐኪሞቹ ተመልሰው ሲመጡ ነው ተባለ። እትዬ ጨፈን ገለጥ አደረጉ። ከፊታቸው የቆመው ወንድማቸው ነው። ትክ ብለው አዩት።

«ማነው ይሄ ሽማግሌ?» አሉ።

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጩን ቆነጠጡት። «አረጀህብኝ እኮ፣ ልጄ!» ሁለቱም አለቀሱ፤ ነርሷ «ዓይንዎን! ማልቀስ ክልክል ነው!» ብላ ተቆጣች። እኔን ከላይ እስከ ታች አይተው «ድንቹን ሁሉ ራስሽ ነሽ እንዴ የምትጨርሺው?» አሉኝ። ግቢው ውስጥ መኪናዋን ሲያዩ ደግሞ ቀጥ ብለው ቆሙ። «በዚች ነው ተራራውን የተሻገርኩት? እንኳንም ያኔ አላየኋት!»

ስንመለስ የሰፈራችን ጫፍ ላይ የሞርቶ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደች። አንሶላዬን ነካች፤ እሳት እንደነካ ሰው ተመለሰች። ቧንቧዋን ወደ ናፍጣ አዞረ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ ሞተሩ እየጮኸ መውረድ ጀመርን። ያን ቁልቁለት ከእሱ ጋር በጩኸት ስወርድ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገዋል። ያቺን ዝምታ የሚጠብቁ መስሎኝ አሳዘኑኝ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣

«ደረስን» አሉ።

ሞተሩ እያጓራ ነው። ሞርቶ ዞር ብሎ አያቸው። «በምን አወቅሽ?»

«በሩን ማነው አረንጓዴ የቀባው? ሰማያዊ ነበር እኮ!»

ባሌ ደጃችን ላይ አቆመና መሪው ላይ ተደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እትዬ ጀርባውን ይደባብሱታል። እኔ ከኋላ ሆኜ አፍንጫዬን በሽርጤ እጠርጋለሁ። ናፍጣው ዘይቱን አጥቦ እስኪጨርስ ድረስ ሞተሩ አልጠፋም፤ ከመኪናዋም ማንም አልወረደም።